የላላ ብሎን፣ የሸሸ እንጨት

ባለ እንጨት ጠመንጃ ሲላላ አስቀድሞ የሚያሳብቀው ድምፁ ነው። አንዱ እጅ ከካዝናው ፊት፣ ሌላው የሰደፉን አንገት ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲያንገራግጩት ‹ቀጭ› የሚል ደረቅ ድምፅ ይሰማል። ባለቤቱ ካቻቪቴ ያነሣል፣ ከሥር ያለውን ብሎን እስኪበቃው ያጠብቃል፣ ድምፁም ይጠፋል። ከሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ብሎኑ ሲሞከር ፍንክች አይልም፤ ጠመንጃው ግን ይነቃነቃል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባውና ለበለጠ ጉዳት የሚዳርገውን ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ መፍቻውን በቱቦ አስረዝሞ ይጠመዝዛል። ጥፋቱ ከብሎኑ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጉልበት ባላስፈለገ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ባለበት ነው፤ የሸሸው እንጨቱ ነው።

ለማስረጃ የሚመቸው ማውዘር 98 ነው። ኦበርንዶርፍ በተባለችው የጀርመን ከተማ የፓውል ማውዘር የእጅ ሥራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመን ጦር የተቀበለው ይህ ንድፍ፣ ከዚያ በኋላ በየአገሩ እየተባዛ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የታወቀው በቤልጅጎች እጅ ተሠርቶ ነው። ሊዬዥ አጠገብ ኤርስታል ላይ እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው ፋብሪክ ናሲዮናል ገና ሲመሠረት ሥራው ለቤልጅግ መንግሥት 150,000 የማውዘር ጠመንጃ መሥራት ነበር። በኋላም ይኸው ፋብሪካ የሠራቸው አጫጭር ማውዘሮች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ የቤልጅግ መኮንኖችም እ.ኤ.አ. በ1930 የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ። በልጅግ የሚለው ስም በዘፈንና በፉከራ የቀረውም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ፣ ከአንዳንድ ዝርዝር በቀር፣ ለምንሽርም ለውጅግራም ለዛሬው ባለ እንጨት የአደን ጠመንጃም ይሠራል።

የማውዘር ብረት ከእንጨቱ ጋር የሚያያዝበት መንገድ የሚያስገርም ቀላል ነው። አፈሙዙ የሚታሰርበትና መዝጊያው የሚመላለስበት ዋና ብረት፣ እዚህ ‹አካሉ› እየተባለ የሚጠራው፣ እንጨቱ ላይ በተቦረቦረለት ጉድጓድ ይተኛል። ከታች በኩል ደግሞ ካዝናውንና የቃታውን መከለያ የያዘው ብረት ይገባል። ሁለቱን ብረቶች እንጨቱን በመካከል አድርገው የሚያቆራኟቸው ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ አንዱ ከካዝናው ፊት፣ ሌላው ከቃታው ኋላ። የኋለኛው ብሎን የሚታሰረው ከአካሉ ወደ ኋላ በተዘረጋው ቀጭን ጅራት ላይ ነው። የፊተኛው ግን ከአካሉ ሥር ወደ ታች ከወጣ ወፍራም ጉብታ ውስጥ ይገባል። ይህ ጉብታ ‹ተረከዙ› ቢባል ያምርበታል፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲገፋ እንጨቱን የሚረግጠው እሱ ነውና።

የግፊቱን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ከ7.92 ሚሊሜትሩ ማውዘር የሚወጣው ከባዱ ጥይት 12.8 ግራም ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 760 ሜትር ነው። ጠመንጃው 4 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ በአጸፋው በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ጥይቱ 60 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ጨርሶ ከመውጣቱ በፊት እንኳ ጠመንጃው ወደ 2 ሚሊሜትር ተንቀሳቅሷል። በተረከዙና በእንጨቱ መካከል ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ካለ፣ ብረቱ ያችን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻውን ተንሸራትቶ እንጨቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ያም የሚሆነው ጥይቱ ገና አፈሙዙ ውስጥ ሳለ ነው። አንዱን ጥይት ቀኝ፣ ሌላውን ግራ የሚጥል ጠመንጃ ከአነጣጣሪው እጅ ይልቅ በዚህች ክፍተት ቢጠረጠር ይሻላል።

እንጨቱ ለምን ይሸሻል? ዋልነትም ሆነ ሌላ እንጨት ከተቆረጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይሰጣል። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ፣ ይልቁንም ከምድጃ በላይ ከተሰቀለ፣ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም፤ በውፍረቱ ግን በያንዳንዱ አንድ በመቶ የእርጥበት ለውጥ ሩብ በመቶ ገደማ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። በኋለኛው ብሎን ዙሪያ የታቀፈው እንጨት 30 ሚሊሜትር ውፍረት አለው ቢባልና እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢወርድ 0.3 ሚሊሜትር ይሸሻል። የማውዘሩ ብሎን ጥርሶች በአንድ ሙሉ ዙር 1.15 ሚሊሜትር የሚያስገቡ ናቸው። ስለዚህ የአንድ በጋ ድርቀት ብሎኑን በሩብ ዙር እንደ መፍታት ነው፤ ማንም ካቻቪቴ ሳይነካው። በዚያው ላይ ዘይት አለ። ብረቱ እንዳይዝግ በየጊዜው የሚፈስበት ዘይት ወርዶ የሚጠራቀመው ተረከዙና ጅራቱ በሚያርፉበት እንጨት ውስጥ ነው። በዘይት የራሰ እንጨት ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ እንጨትም በብረት ሲደበደብ ይጨፈለቃል። ጠመንጃን አቁሞ ማስቀመጥ ልማድ ከሆነ ከተቀባ በኋላ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማዋል ይህን በመጠኑ ያስቀራል።

ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያው ነገር ጥይት አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ‹ባዶ ነው› የተባለ ጠመንጃ ስንት ቤት እንዳጠፋ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። መዝጊያው ይከፈታል፤ ካዝናው በዓይን ይታያል፤ ጥይት የሚጎርስበት ጉድጓድ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት ጫፍም ይዳሰሳል። ከዚያም በአካሉ ግራ ጎን ያለው መያዣ ወደ ውጭ ተስቦ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ይወጣና ከሥራው ጠረጴዛ ርቆ ይቀመጣል፤ ጥይቱም ሌላ ክፍል። የይዞታ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ከሆነ ጉዳዩ ከካቻቪቴ በፊት የሕግ ነው፤ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛው።

ምንም ከመፈታቱ በፊት በሽታው የት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ጠመንጃው በሰደፉ መሬት ላይ ይቆማል፤ የአንድ እጅ ጣት አፈሙዙና እንጨቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ግማሹ በብረቱ ግማሹ በእንጨቱ፣ ያርፋል። በሌላው እጅ የፊተኛው ብሎን በቀስታ ይላላል። አፈሙዙ ከእንጨቱ ሲነሣ በጣት ጫፍ ይታወቃል፤ ዓይን የማያየውን የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር እንቅስቃሴ ጣት አይስተውም። ሲላላ የሚነሣና ሲጠብቅ የሚተኛ ከሆነ ብሎኑ ብረቱን በግድ እያጎበጠ እያስተኛው ነው ማለት ነው፤ ጉድጓዱ ወለሉ እኩል አይደለም። ምንም እንቅስቃሴ ካልተሰማ መቀመጫው ደህና ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።

የማውዘር ብሎኖችን ሊፈታ የተነሣ ሰው አንድ ነገር ሳያይ እንዳያልፍ፤ በጦር ሠራዊቱ ማውዘር ላይ ከያንዳንዱ ትልቅ ብሎን ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ሥራዋ ትልቁ እንዳይዞር መቆለፍ ነው። እሷ ሳትወጣ ትልቁን በጉልበት ያዞረ ሰው የሁለቱንም ራስ ያበላሻል። አብዛኛዎቹ የተበላሹ ራሶች ግን ከዚህ ይልቅ የካቻቪቴ ጥፋት ናቸው። የገበያው ካቻቪቴ ምላሱ እንደ ሽብልቅ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ስለሆነ ቁመቱን ሙሉ ስንጥቁ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሲጠመዘዝ ራሱን ወደ ላይ እየገፋ ያመልጣል፣ ሲያመልጥም የስንጥቁን ከንፈር ገልብጦ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ምላሱን በሊማ ጎንና ጎኑን ሞርዶ ስፋቱን ከስንጥቁ ርዝመት፣ ውፍረቱን ከስንጥቁ ስፋት ጋር ማስተካከል። ጥሩ ካቻቪቴ ስንጥቁ ውስጥ ቆሞ እጅ ሲለቀው አይወድቅም። የዛገ ብሎን ላይ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠብ ተደርጎ ሌሊቱን ያድራል፤ ጠዋት ካቻቪቴው ስንጥቁ ውስጥ እንዳለ እጀታው በመዶሻ ቀስ ብሎ ይመታል። በእሳት ማጋል ግን አጠገቡ እንጨት መኖሩን መርሳት ነው።

ሲመለስ የፊተኛው ይቀድማል። መጀመሪያ ሁለቱም በጣት እስኪቆሙ ይገባሉ፤ የሰደፉ ጫፍ ከለስላሳ ጨርቅ በላይ መሬቱን አንድ ሁለት ጊዜ ነካ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ተረከዙ ወደ መርገጫው ይጠጋል። ከዚያ ፊተኛው ይጠብቃል፣ ቀጥሎ የኋለኛው። መጠኑ ለባለ እንጨት ጠመንጃ ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር ይበቃል። የኃይል መለኪያ መፍቻ ለሌለው፣ ካቻቪቴውን በጡጫ ሳይሆን በጣቶች ይዞ እስኪቆም ማጥበቅና ከዚያ ትንሽ መጨመር ነው። በብሎኑ ጥርስ ላይ ማጣበቂያ መቀባት የዘመኑ ልማድ ሆኗል፤ ቆላፊ ትንንሽ ብሎኖቹ ባሉበት ማውዘር ላይ ግን ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደዚያ ግራ ወደሚያጋባው ሁኔታ፤ ብሎኑ ጠብቆ ጠመንጃው የሚነቃነቅበት። የኋለኛው ብሎን በባዶ እንጨት ውስጥ አያልፍም። ቀዳዳው ውስጥ አንዲት አጭር የብረት ቱቦ አለች፤ ከላይ ጅራቱን፣ ከታች የቃታውን መከለያ ብረት የምትነካ። የተሠራችው ብሎኑ ሲጠብቅ እንጨቱ እንዳይጨፈለቅ ነው፤ ለዚያም ሲባል ርዝመቷ ከእንጨቱ ውፍረት በጣም ጥቂት ያነሰ ነበር። እንጨቱ ሲኮማተር ግን ቱቦዋ ባለችበት ትቀራለች፤ ከእንጨቱም ትረዝማለች። ከዚህ በኋላ ብሎኑ የሚያጠብቀው ብረትን በብረት ላይ ነው። ካቻቪቴው እንደ ድንጋይ ይቆማል፤ እንጨቱ መካከል ላይ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ብሎኑ እስኪበጠስ ቢጠመዘዝ ለውጥ የለም።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቱቦዋን በሊማ ማሳጠር ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መልሶ የማይገኝ ብረት መቁረጥ ነው፤ በመጪው ክረምትም እንጨቱ ሲያብጥ ቱቦዋ አጥራ የብሎኑ ጫና በሙሉ በእንጨቱ ላይ ይወድቃል። ሌላውና የሚመረጠው የጎደለውን እንጨት መመለስ ነው። ከመላጊያ የሚወጣ ስስ ልጣጭ፣ ሩብ ሚሊሜትር ያህል፣ በቃታው መከለያ ብረት ልክ ተቆርጦ ከሥሩ በኮላ ይለጠፋል። ልጣጩ ከላይ፣ ከጅራቱ ሥር ቢገባ አካሉ ከኋላው ከፍ ብሎ በብሎኖቹ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ከታች ይሁን። ወረቀት ወይም የካርቶን ቁራጭ መጠቅጠቅ ለአንድ ሳምንት ይሠራል፤ እርጥበት ይዞ ብረቱን ማዛጉ ግን ይቆያል።

የተረከዙ መቀመጫ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው፤ በማይታይበት ስላለም ከሁሉ በላይ የሚረሳው እሱ ነው። ብረቱ ከእንጨቱ ሲወጣ ከጅራቱ ኋላ ያለው እንጨት በብርሃን ይታይ። ከዚያ ወደ አንገቱ የሚወርድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ተረከዙ ቦታውን ለቆ ግፊቱን ጅራቱ ተሸክሞታል ማለት ነው፤ ጅራት እንደ ሽብልቅ ነው፣ እንጨቱን ለሁለት ይከፍላል። ተረከዙ በእርግጥ የት እንደሚነካ የሚያሳየው ጥላሸት ነው። የኩራዝ ነበልባል ላይ ሳህን ይያዛል፤ የተጠራቀመው ጥላሸት በአንድ ጠብታ ዘይት ተለውሶ በተረከዙ የኋላ ፊት ላይ በስሱ ይቀባል። አካሉ ቦታው ይመለሳል፣ በብሎኖቹ ይታሰራል፣ ይወጣል። በእንጨቱ መርገጫ ላይ ጥቁሩ በሙሉ ስፋቱ ከታተመ መቀመጫው ጤነኛ ነው። በአንድ ጥግ ብቻ እንደ ምስር ፍሬ ካረፈ ያ ሁሉ ግፊት የሚያልፈው በዚያች ምስር በኩል ነው። ጭራሽ ካልታተመ ደግሞ ምክንያቱ ተገኝቷል።

እዚህ የሚገባው መሙያ ጠንካራ መሆን አለበት። ኤፖክሲ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን በዘይት የራሰ እንጨት ላይ አይያዝም። ስለዚህ አስቀድሞ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለንቁጦ መቀባትና ሲደርቅ መቦረሽ ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ ዘይቱን ጠጥቶ ቡናማ ይሆናል፣ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ይደጋገማል። አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ሥራው ከእሳት ርቆ በደጅ ነው። ከዚያ ተረከዙ ከፊት፣ ከጎኖቹና ከታች በስስ ፕላስተር ይሸፈናል፤ ኋላ ግን ባዶውን ይቀራል። ምክንያቱም መሙያው ብረቱን መጨበጥ ያለበት በሚገፋበት ፊት ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ከጨበጠ በሚቀጥለው ጊዜ ብረቱ ሲወጣ እንጨቱን ይዞ ይወጣል። ብረቱ በሙሉ፣ ብሎኖቹ እስከ ጥርሳቸው፣ በሰም ወይም በጫማ ቅባት ሁለት ጊዜ ይቀባሉ። ይህን የዘለለ ሰው ጠመንጃውን ከእንጨቱ ጋር ለዘለዓለም ያጋባል። በጥቂቱ ተሞልቶ፣ ብሎኖቹ ሳይጠብቁ በልካቸው ገብተው፣ 24 ሰዓት ይቆያል። ከአንገቱ የተሰነጠቀ እንጨት ካለ ስንጥቁ በሽብልቅ ጥቂት ተከፍቶ ያው ኤፖክሲ ይገባበትና በገመድ ይጠፈራል። ድሮ በብዙ አገር እርጥብ ጥሬ ቆዳ ይጠመጠምበት ነበር፤ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የያዘውን አጥብቆ ይይዛል፣ የሚያስወቅሰው ብረት የሚበላውን እርጥበትና ጨው ይዞ መኖሩ ነው።

ሆኖም አሮጌ መሣሪያ ሁሉ ለኤፖክሲ አይሰጥም። አካሉ ላይ ሞዓ አንበሳ የታተመበት በልጅግ ለተኩስ ካልተፈለገ ስስ የእንጨት ልጣጭና በውሃ የሚለቅ የቆዳ ኮላ ይበቃዋል፤ ሊመለስ የሚችል ጥገና ነውና።

ፊት ለፊት ያሉት ቀለበቶች የቀለሉ ናቸው። አፈሙዙን፣ እንጨቱንና የላይ ሽፋኑን አንድ ላይ አቅፈው የሚይዙ ሁለት ቀለበቶች በየጎናቸው ባለች ሞላ ይቆለፋሉ። እንጨቱ ሲሳሳ ቀለበቱ ይንቀጫቀጫል፤ ብዙው ሰው በፒንሳ ጠምዝዞ ሊያጠበው ይሞክራል። ብረቱን መጭመቅ አፈሙዙን መጭመቅ ነው። ቀለበቱ የሚያርፍበት እንጨት ተጨፍልቆ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ትኩስ ካውያ ለአፍታ ይነካል፤ እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን ጭረት መልሶ ያነሣዋል፣ ዓይን እያየ። ካልበቃ ከሥሩ አንድ ስስ ልጣጭ ይለጠፋል።

የሰደፉ ጫፍ ብረት ብሎኖች የሚላሉት በሌላ ምክንያት ነው። እነዚህ የእንጨት ብሎኖች ወደ እንጨቱ የሚገቡት በጭረቱ አቅጣጫ ነው፤ በዚያ በኩል እንጨት ጥርስን በደንብ አይይዝም፤ እንደ ጭድ እስር ነው። የሰፋውን ቀዳዳ በወፍራም ብሎን መሙላት ሰደፉን ይሰነጥቃል። ቀዳዳው ንጹሕ ተደርጎ ተሰርስሮ፣ በልኩ የተጠረበ ደረቅ የወይራ ጉቶ በኮላ ተመትቶ፣ ሲደርቅ ተቆርጦ፣ መካከሉ ላይ ከብሎኑ የቀጠነ ቀዳዳ ይበሳል። መነጽር የተገጠመበት የአደን ጠመንጃ ከሆነም የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎኖች ዘይታቸው ተጠርጎ ይጠብቃሉ፤ እነዚህ ላይ ቀለል ያለውና በእጅ የሚፈታው ማጣበቂያ ቦታው ነው።

በቤት የማይነካ የመላላት ዓይነትም አለ። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር በሚታሰርበት ጥርስ ላይ ከተነቃነቀ፣ መዝጊያው ተቆልፎ ሳለ ከልክ በላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተጫወተ፣ ወይም ቃታው ሳይሳብ ተኩሶ ካወቀ፣ ካቻቪቴው ይቀመጥ። በዚህ ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው የጋዝ ግፊት እስከ 3,900 ባር ይደርሳል፤ የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃዋል። ያን ግፊት ከተኳሹ ፊት የሚለየው የመዝጊያው መቆለፊያ ነው፤ ልኩ የሚመረመረው ለሱ በተሠራ መለኪያ በሠለጠነ ጠጋኝ እጅ ነው። የሌላ ጠመንጃ መዝጊያ አምጥቶ መግጠምም ያው ነው። በጀርመን ማውዘር ትንንሽ ክፍሎች ላይ ሳይቀር የጠመንጃው ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች የተቀረጹት በከንቱ አይደለም።

ከተጠገነ በኋላ የብሎኖቹ ስንጥቅ ወደየት እንደሚያመለክት ይመዘገባል፤ በእርሳስ አንድ ነጥብ ቢበቃም። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሃያ ጥይቶች በኋላ እንጨቱ ከመሙያው ጋር ስለሚላመድ ጥቂት ሊላላ ይችላል፤ ባዶነቱ እንደገና ተረጋግጦ ይሞከራል። ከዚያ ወዲያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል፤ አንድ ጊዜ ዝናቡ ሲያባራ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ በድርቁ መካከል የካቲት ላይ። በመስከረም ስንጥቁ ከነጥቡ ሳይነቃነቅ ይገኛል። በየካቲት ጥቂት ማጥበቅ ቢፈልግ የወቅቱ ነው፤ ከሩብ ዙር በላይ ከጠየቀ ግን ብረቱ ወጥቶ ጥላሸቱ እንደገና ይቀባል።